ሄክታሩም፣ ኩንታሉም፣ ሳንቲሙም አንድ ቃል ናቸው

አጎቴ ገበሬ ናቸው። ስደውልላቸው ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ሰብል ላይ ነው የሚያርፈው። ባለፈው "ዘንድሮ እንዴት ነበር፣ ጋሼ?" አልኳቸው። "ምን እባክህ! ከሁለቱ ሄክታር ሠላሳ ኩንታል ወጣ። የማዳበሪያው፣ የአጫጁ ሲነሳ ግን ሳንቲም አልተረፈኝም" አሉኝ።

የቃል ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያቺ ንግግራቸው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ጋሼ ሳያውቁት አንድን ቃል ሦስት ጊዜ ጠርተዋል። ሄክታር፣ ኩንታል፣ ሳንቲም። ሦስቱም በአውሮፓ በኩል የመጡ ናቸው። ሦስቱም ሆዳቸው ሲከፈት ውስጣቸው ያለው ቃል አንድ ነው፤ "መቶ" የሚል።

"የቱ ጋ ነው የሚመሳሰሉት?" ብትሉኝ እውነት አላችሁ። አይመሳሰሉም። የዛሬው ጨዋታም እሱ ላይ ነው። የቃላት ዝምድና በመልክ አይታወቅም። መልክ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያታልላል። ዝምድናን የሚያጋልጠው ቃላቱ በሥርዓት መለያየታቸው ነው።

መጀመሪያ ቤተሰቡን ላስተዋውቅ። "መቶ" በጥንቱ ላቲን ኬንቱም ነው። በግሪክ ሄካቶን። በጀርመንኛ ሁንደርት፣ በሆላንድኛ ሆንደርት፣ በስዊድንኛ ሁንድራ፣ በእንግሊዝኛ ሃንድረድ። ዌልሶች ካንት፣ አየርላንዶች ኬድ ይላሉ። ለሩሲያም ለፖላንድም ስቶ ነው። ሊቱዌኒያ ሺምታስ፣ ላትቪያ ሲምትስ። ወደ ምሥራቅ ስንሻገር በሕንዱ ሳንስክሪት ሻታም፣ በአቬስታ ማለትም በጥንቱ የኢራን የሃይማኖት መጻሕፍት ቋንቋ ደግሞ ሳተም።

ሁንደርትንና ስቶን ጎን ለጎን አስቀምጦ "እነዚህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው" የሚል ሰው ቢመጣ ማንም ይስቅበታል። ናቸው ግን።

እ.ኤ.አ. በ1786 ዊልያም ጆንስ የሚባል እንግሊዛዊ ዳኛ በሕንድ፣ ካልካታ ከተማ ንግግር አደረገ። ሰውየው ለሥራው ሲል ሳንስክሪት እያጠና ነበር። ሲያጠና ከልጅነቱ የሚያውቃቸው ግሪክና ላቲን በየገጹ ብቅ ይሉበት ጀመር። በንግግሩም ሦስቱ ቋንቋዎች ምናልባት ዛሬ ከሌለ ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው አለ። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሰነዘሩ ሰዎች ከእሱም በፊት ነበሩ። ነገሩ በአውሮፓ ምሁራን ዘንድ የጦፈው ግን ከእሱ በኋላ ነው። የጠፋችውን እናት ዛሬ ጥንታዊ ኢንዶ አውሮፓዊ ቋንቋ እንላታለን። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ተናጋሪዎቿን ከአምስትና ከስድስት ሺህ ዓመታት በፊት፣ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ባለው ሜዳ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ጽሕፈት አልነበራቸውም። አንድም ቃል በድንጋይ ላይ ትተውልን አልሄዱም።

ታዲያ እንዴት ነው "መቶ" ይሉ የነበረውን የምናውቀው?

እዚህ ላይ ከአገር ቤት አንድ ምሳሌ ልዋስ፤ ነገሩ ቶሎ ይገባል። ትግርኛ የሚሰማ ሰው ካላችሁ ጠይቁት። እኛ "ጠበበ" ስንል እነሱ "ጸበበ" ይላሉ። "ጠራ" ስንል "ጸረየ"። "ጠጉር" ስንል "ጸጉሪ"። "ጠረገ" ስንል "ጸረገ"። አንዱን ብቻ ብታዩ አጋጣሚ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። አራቱን ስታዩ ግን "ቆይ፣ እዚህ ነገር አለ" ማለታችሁ አይቀርም። በእነዚህ ሁሉ ትግርኛው ጸ ያለበት ቦታ ላይ አማርኛው ጠ አለው። ግዕዙን ስታዩት ጸ ነው። ልዩነቱ ሥርዓት አለው፤ የተዛባው በአንድ መንገድ ነው።

በአውሮፓም የሆነው ይኸው ነው። የላቲኑን ኬንቱም እና የጀርመኑን ሁንደርት ብቻ አትዩ። ጎረቤቶቻቸውንም ጥሩ። ቀንድ በላቲን ኮርኑ፣ በእንግሊዝኛ ሆርን። ውሻ በላቲን ካኒስ፣ በጀርመንኛ ሁንት። ልብ በላቲን ኮር፣ በእንግሊዝኛ ሃርት። አንገት በላቲን ኮሉም፣ በጀርመንኛ ሃልስ። ላቲን ክ ባለ ቁጥር እነ ጀርመን ህ ይላሉ። ፕ ደግሞ ፍ ይሆናል፤ አባት ፓተር ነው፣ እንግሊዝ ጋ ፋዘር። ዓሣ ፒስኪስ ነው፣ እንግሊዝ ጋ ፊሽ። የላቲን ድ ወደ ት ይሄዳል፤ ሁለት ዱኦ ነው፣ እንግሊዝ ጋ ቱ። አሥር ዴኬም ነው፣ እንግሊዝ ጋ ቴን።

ይህን ረድፍ በሥርዓት አስተውሎ በ1818 ያሳተመው ራስሙስ ራስክ የሚባል ዴንማርካዊ ነው። በ1822 ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም አስፋፍቶ በሕግ መልክ አወጣው። አዎ፣ ከወንድሙ ጋር ተረት እየሰበሰበ ያሳተመው ያው ግሪም ነው። ሕጉም በስሙ ይጠራል። ራስክ ሳይቀድመው አልቀረም፤ ስሙ ግን ለግሪም ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር በየትም አለ።

መልክ ያታልላል ያልኩትን አሁን ላሳያችሁ። ላቲን ውስጥ ሀቤሬ የሚል ግስ አለ፤ "ያለው መሆን" ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ሃበን አለ፤ ትርጉሙ ያው ነው። ድምፁም ትርጉሙም አንድ! ማንም ሰው ዘመዶች ናቸው ብሎ ይምላል። ግን ሕጉን አስቡት። የጀርመን ህ ላቲን ጋ ሲደርስ ክ መሆን አለበት። ስለዚህ የሃበን እውነተኛ ዘመድ ካፔሬ ነው፤ "ያዘ" የሚለው። ሀቤሬ ባዕድ ነው። መንታ የሚመስሉት ቃላት ዝምድና የላቸውም። የማይመሳሰሉት ሁንደርትና ኬንቱም ደግሞ የሥጋ ወንድማማቾች ናቸው። ጀርመን ራሱ ውስጥም ሁንት እና ሁንደርት አሉ። አንዱ ውሻ፣ አንዱ መቶ። ወደ ላቲን ስትመልሷቸው አንዱ ካኒስ፣ አንዱ ኬንቱም ይሆንና መንገዳቸው ይለያል።

ወደ መቶ እንመለስ። የመጀመሪያው ድምፅ ክ ከነበረ መሐሉስ? ላቲን "ኤን" ይላል፣ ጀርመን "ኡን" ይላል፣ ግሪክና ሳንስክሪት "አ" ብቻ፣ ሊቱዌኒያ "ኢም"። አምስቱም ትክክል እንዲሆኑ እናትየው ምን ማለት ነበረባት? የሊቃውንቱ መልስ ይገርማል። እናትየው እዚያ ቦታ አናባቢ አልነበራትም። ራሱን ችሎ እንደ አናባቢ የሚያገለግል "ም" ነበራት። ከንፈር ገጥሞ የሚባል፣ "እምም" ስንል እንደምናወጣው ያለ። ልጆቿ ይህ ድምፅ አልተመቻቸውም። ሁሉም እንደየቤቱ አናባቢ ጨመረለት ወይም ም-ውን በአናባቢ ተካው። ሊቱዌኒያ ም-ውን ሳትጥል እስከ ዛሬ ይዛዋለች። ለዚህ ነው የዚህ ሙያ ሰዎች ሊቱዌንኛ ሲነሳ ዓይናቸው የሚያበራው።

እንግዲህ ተሰፋፍቶ የተሠራው ቃል ክምቶም ነው፤ አነጋገሩ ዘዬው፣ ማለትም ከቃሉ ድምፅ ጎላ ብሎ የሚወጣበት ቦታ፣ መጨረሻ ላይ ወድቆ። በላቲን ፊደል ሲጽፉት ፈረንጆቹ ምላሳቸው ይተሳሰራል፤ እኛ ሳድስ ስላለን እንደ ልብ እንጽፈዋለን። መጻሕፍት ላይ ከፊቱ አንዲት ኮከብ ያደርጉበታል። ኮከቧ "ይህን ቃል ተጽፎ ያገኘው ሰው የለም፤ ከልጆቹ ተነስተን የገመትነው ነው" ማለት ነው። ይቺን ኮከብ እወዳታለሁ። የሚያውቁትንና የሚገምቱትን ለይቶ ማስቀመጥ ሁሉም ሙያ ጋ አይገኝም።

ክምቶም ደግሞ ራሱ አባት አለው። አሥር በዚያ ቋንቋ "ዴክም" ነበር። መቶ ከዚሁ የወጣ ሆኖ "የአሥሮች አሥር" እንደማለት ነው። ፊት የነበረው ድ በጊዜ ብዛት ወደቀ። የላቲኑን ዴኬም እና ኬንቱም ደጋግማችሁ ብትጠሯቸው "ኬም" እና "ኬን" ሲነካኩ ይሰማችኋል።

አሁን አንድ እሾህ ቀርቷል። እንግሊዝኛው ሃንድረድ፣ ጀርመንኛው ሁንደርት ውስጥ ድ አለ። በግሪም ሕግ የጥንቱ ት መሆን ያለበት ምላስን በጥርስ መሐል አድርገው እንደሚሉት የእንግሊዝ "ትህ" ነው፤ "ሦስት" በላቲን ትሬስ ሆኖ እንግሊዝ ጋ "ትህሪ" እንደሚሆነው። ለምን እዚህ ድ ሆነ? እንዲህ ያሉ አፈንጋጮች ብዙ ነበሩ። "ሕግ ነው ካላችሁ ይሄ ምንድነው?" የሚል ጥያቄ ሃምሳ ዓመት አካባቢ ተንጠልጥሎ ቆየ።

የፈታው ሌላ ዴንማርካዊ ነው፤ ካርል ቬርነር፣ በ1870ዎቹ። እንደተረከው ከሆነ አንድ ቀን ሸለብ ሊያደርግ ጋደም አለ። እንቅልፍ ይስብልኝ ብሎ ወፍራም የሰዋስው መጽሐፍ አነሳ። (ሁላችንም የምናደርገው ነው።) ገጹ ላይ ሁለት የሳንስክሪት ቃላት ዓይኑ ውስጥ ገቡ፤ አባት እና ወንድም። አባት ፒታር ሲባል ዘዬው መጨረሻው ላይ ይወድቃል። ወንድም ብራታር ሲባል መጀመሪያው ላይ። በጀርመንኛ ደግሞ አባት ፋተር፣ ወንድም ብሩደር ነው። ሁለቱም ጥንት መሐላቸው ላይ የነበረው ያው ት ነው፤ አሁን ግን አንዱ ት፣ አንዱ ድ ሆኗል። ቬርነር ገባው። ድምፁ በየት በኩል እንደሚሄድ የወሰነው ዘዬው የወደቀበት ቦታ ነው። ዘዬው ከተነባቢው ቀድሞ ከመጣ "ትህ" ይሆናል። ከኋላ ከመጣ ይላላና ወደ ድ ይሄዳል። ጀርመንኛ በኋላ ሁለቱንም እንደገና አንድ እርከን ገፋቸው እንጂ ልዩነቱን አላጠፋውም።

መቶንም በዚህ ዓይን እዩት። ሳንስክሪት ሻታም ሲል ዘዬው መጨረሻ ላይ ነው። ግሪክ ሄካቶን ሲልም መጨረሻ ላይ። ስለዚህ ጀርመኖቹ ድ ማለታቸው ሕጉን አላፈረሱም፤ ጠበቁት እንጂ። በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ጀርመኖች ያንን ዘዬ ከጣሉት ከሁለት ሺህ ዓመት ያላነሰ ሆኗል። ዱካው ግን ድ ሆኖ በየቀኑ ከአፋቸው ይወጣል።

ክ እንዴት ስ ይሆናል?

"ኬንቱም ሁንደርት ሆነ እሺ፤ ስቶና ሻታምስ?" የምትሉ አላችሁ። ክ ወደ ስ ወይም ወደ ሽ መሄዱ ሩቅ ይመስላል። ግን እኛው ቤት ሆኗል። ግዕዝ ለሴት "ቤትኪ" ይላል። ትግርኛም "ቤትኪ" ይላል። እኛስ? "ቤትሽ"። ያው ኪ ነው ሽ የሆነው። ምክንያቱን በገዛ አፋችሁ ሞክሩት። "ካ" በሉ፣ ቀጥሎ "ኪ" በሉ። በሁለተኛው ምላሳችሁ ወደ ፊት ይሳባል። ትንሽ ከተሳበ ቺ ይሆናል። ትንሽ ከቀጠለ ሺ ወይም ሲ።

የእናትየዋ ክ ከመነሻውም ወደ ፊት ያጋደለ ነበር። ከልጆቿ ገሚሶቹ ወደ ኋላ መልሰው ክ አደረጉት፤ ላቲን፣ ግሪክ፣ ዌልስና አየርላንድ፣ ጀርመኖችም (እነሱ በኋላ ወደ ህ አሳለፉት)። ገሚሶቹ ደግሞ ወደ ፊት ገፉት፤ ሩሲያና ፖላንድ፣ ሊቱዌኒያ፣ ኢራንና ሕንድ። በ1890 ፒተር ፎን ብራድኬ የሚባል ጀርመናዊ ሁለቱን ጎራዎች በመቶ ቃል ሰየማቸው፤ የኬንቱም ቋንቋዎችና የሳተም ቋንቋዎች። ስሙ ያምራል፤ ዛሬም ይሠራል።

ስሙን ተከትሎ "ኬንቱም ማለት ምዕራብ፣ ሳተም ማለት ምሥራቅ" የሚል ድምዳሜ ለመደ። ካርታ ላይም እውነት ይመስል ነበር። ከዚያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ዛሬ የቻይና ክፍል በሆነው የሺንጂያንግ በረሃ፣ በማይታወቅ ቋንቋ የተጻፉ ጥንታዊ ወረቀቶች ተገኙ። በ1908 ሁለት ጀርመናውያን፣ ኤሚል ዚግና ቪልሄልም ዚግሊንግ፣ ቋንቋው የኢንዶ አውሮፓ ቤተሰብ መሆኑን አሳወቁ። ቶካርኛ ተባለ። መቶን ምን ይል ኖሯል? ካንተ! በክ። ከሁሉም በስተምሥራቅ ያለው ቋንቋ ከምዕራቦቹ ጋር ሆኖ ተገኘ። ካርታው ተበላሸ። እኔ በግሌ እንዲህ ያለ ብልሽት ደስ ይለኛል።

ላቲን ራሱ ግን ክ-ውን ይዞ አልቀረም። ልጆቹ ከሺህ ዓመታት በኋላ፣ ከሳተሞቹ ጋር ሳይገናኙ፣ ለብቻቸው ያንኑ መንገድ ሄዱበት። ጣልያን ቼንቶ ይላል፤ መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። ፈረንሳይ እስከ ጫፍ ሄዶ ሳን ይላል። ስፔን ስዬንቶ። "ታዲያ ሮማውያን በእርግጥ ኬንቱም ይሉ እንደነበር በምን ታወቀ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ በሰርዲኒያ ደሴት የቆየውን አነጋገር የያዙ ሰዎች ዛሬም ኬንቱ ይላሉ። ሁለተኛ፣ በዚያ ዘመን የነበሩ ግሪኮች የሮማን ስሞች በራሳቸው ፊደል ሲጽፉ በክ ነው የጻፉት። ሦስተኛውን ምስክር ደግሞ እኛው ይዘነዋል። "የቄሳርን ለቄሳር" ስንል እንግሊዝ እንደሚለው ሲዘር አንልም። ቄሳር ነው የምንለው። ቃሉ በግሪክ በኩል ሲደርሰን የጥንቱን ድምፅ አልለቀቀም።

ዘመድ ሳይሆኑ ዘመድ የሚመስሉም አሉ። ፊንላንድ መቶን ሳታ ትላለች፣ ሃንጋሪ ሳዝ። ሁለቱም ቋንቋዎች ከዚህ ቤተሰብ አይደሉም። ቃሉን በጥንት ጊዜ ጎረቤት ከነበሩ የኢራን ወገን ተናጋሪዎች ነው የተዋሱት። ሮማኒያ ደግሞ የላቲን ልጅ ሆና ሳለ መቶን ሱታ ትላለች፤ ከስላቭ ጎረቤቶቿ ወስዳ። አልባኒያ በተገላቢጦሽ ከላቲን ወስዳ ቺንድ ትላለች። ቁጥር የገበያ ዕቃ ነው። ከገዢ ወደ ሻጭ ይሻገራል።

ትርጉሙም ቢሆን እንደምናስበው የጸና አልነበረም። በጥንቱ የአይስላንድ ቋንቋ ሁንድራድ ሲባል ብዙ ጊዜ 120 ማለት ነበር፤ አሥር አሥራ ሁለቶች። እንግሊዞችም "ረጅም መቶ" የሚሉት ነበራቸው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በብሪታንያ ሃንድረድዌይት የሚባለው ሚዛን 112 ፓውንድ ነበር፤ አሜሪካ ጋ 100። መቶ ሲሏችሁ "የማን መቶ?" ብሎ መጠየቅ ያዋጣ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጋሼ ማሳ

ሄክታር ቀላሉ ነው። ፈረንሳዮች ከአብዮታቸው በኋላ፣ በ1795፣ አዲሱን የሜትር ሥርዓት በሕግ አወጁ። ለማባዛት የግሪክ ቃል፣ ለማካፈል የላቲን ቃል እንጠቀም አሉ። የግሪኩን ሄካቶን ቆርጠው ሄክቶ አደረጉት። አር የሚባል የመሬት መለኪያ ነበራቸው፤ 100 ካሬ ሜትር። መቶ አር ሄክታር ሆነ። የላቲኑን ኬንቱም ደግሞ ለመቶኛ ሰጡት። ሴንቲ ሜትር የሜትር አንድ መቶኛ ነው፤ የፈረንሳዩ ሳንቲም የፍራንክ አንድ መቶኛ። ስለዚህ የሄክታር "ሄክቶ" እና የሳንቲም "ሳንት" የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ በግሪክ ቤት፣ አንዱ በላቲን ቤት አደጉና አንዱ ለማባዣ፣ ሌላው ለማካፈያ ተቀጠሩ።

ኩንታል ግን ተጓዥ ነው። በላቲን ኬንቴናሪዩም የሚባል የመቶ ፓውንድ ሚዛን ነበር። የምሥራቁ ሮም መንግሥት ግሪኮች ኬንቴናሪዮን አሉት። ከእነሱ ወደ ሶርያ፣ ከሶርያ ወደ ዐረብኛ ሄዶ ቂንጣር ሆነ። ቁርኣን ውስጥ ሳይቀር አለ፤ ለብዙ ሀብት መጠሪያ ሆኖ። ከዚያ የመካከለኛው ዘመን ነጋዴዎች ይዘውት ወደ አውሮፓ ተመለሱ። ከአውሮፓ በላቲንነቱ የወጣው ቃል በዐረብነቱ ተመልሶ ኩዊንታል ተባለ። ያገሩ ሰው ልጁን አላወቀውም። እንዲያውም ድምፁ ላቲን ውስጥ አምስተኛ ማለት ከሆነው ኩዊንቱስ ጋር ስለሚቀራረብ ከአምስት ጋር የሚያዛምደው አይጠፋም። ከአምስት ጋር ግን ምንም የለውም። በኋላ 100 ኪሎ ተብሎ ተወሰነ። እኛ ጋ ደርሶ ደግሞ ሚዛኑም ጆንያውም ኩንታል ሆነ። ጀርመኖች ያንኑ ላቲን ሳያዞሩ በቀጥታ ወስደው ጼንትነር ይሉታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ "የመቶ አለቃ" የሚባለውን ታስታውሳላችሁ። በግሪኩ ማቴዎስ ላይ ሄካቶንታርኮስ ነው፤ ሄካቶን ያለበት። ማርቆስ ግን ምዕራፍ 15 ላይ፣ መስቀሉ ሥር የቆመውን ሰው በላቲኑ ኬንቱሪዮን ብሎ ነው የጠራው። ያው ማዕረግ፣ ያው "መቶ"፣ በሁለት አልባሳት። አማርኛው ሁለቱንም "የመቶ አለቃ" ብሎ አንድ ላይ መለሳቸው። ሳያስበው የተለያዩትን ወንድማማቾች አገናኘ።

የእኛ "መቶ" ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። የእሱ እናት ሌላ ናት። ግዕዝ ምእት፣ ትግርኛ ሚእቲ፣ ዐረብኛ ሚአ፣ ዕብራይስጥ ሜአ ይላሉ። አማርኛ መሐሉ ላይ የነበረውን የጉሮሮ ድምፅ ጣለና መቶ አለ። "ምእተ ዓመት" ስንል ብቻ የጥንቱ ብቅ ይላል። መቶ ቁጥርን የምንጽፍበት ፻ ደግሞ የግሪክ ፊደል ነው፤ ሮ የሚባለው፣ ግሪኮች ለ100 ይጠቀሙበት የነበረ። ቃሉ የራሳችን፣ ምልክቱ የተዋስነው።

ሳንቲምን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የፈረንሳዩ ሳንቲም ሌላም ዘንድ ተሰዷል። ላትቪያ ዩሮ እስክትቀበል፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2014 መግቢያ ድረስ፣ የገንዘቧ አንድ መቶኛ ሳንቲምስ ይባል ነበር። ለመቶ ሲምትስ የሚል የራሷ ቃል አላት። ሲምትስና ሳንቲምስ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ከቤት ያደገ፣ አንዱ ከፈረንሳይ የመጣ። ቡልጋሪያ ግን ከራሷ ስቶ ተነስታ የቀድሞ ገንዘቧን የሌቭን አንድ መቶኛ ስቶቲንካ አለች።

እኛም አንድ ጊዜ እንደ ቡልጋሪያ አድርገን ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ገንዘብ በመቶ ሲከፈል ክፍሉ "መቶኛ" ነበር ስሙ። ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲመጣ መቶኛ ቀረና ሳንቲም ገባ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ትርጉሙ ያው ነው። ጋሼ "ሳንቲም አልተረፈኝም" ሲሉ "መቶኛ አልተረፈኝም" ማለታቸው ነው።